ቀጠሮ የማይጠብቁ ልቦች

«እናቱ፣ ሲጠባ ያልበዋል?»

ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት መኪና የተሳፈረች እናት የመጣችው ስለ ልብ ልትሰማ ነው። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ግን ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንደሰቀለ ስለ ጡት ይጠይቃታል።

«አዎ ዶክተር፤ ግንባሩ ላይ ችፍ ይልበታል። ትንሽ ይስብና ደክሞት ይተወዋል። ወዲያው ደግሞ ርቦት ያለቅሳል።»

«ሳንባ ምች ተብሎ ስንቴ ታከመ?»

«ሦስቴ። ሁለቴ ተኝቶ ነው የወጣው።»

በአዲስ አበባ የልብ ሕክምና ክፍሎች እንዲህ ያለ ምልልስ የዕለት ተዕለት ነው፤ ስሙና አገሩ ይለያይ እንጂ ታሪኩ ይመሳሰላል። ስምንት ወር አልፎት አምስት ኪሎ ያልሞላ ልጅ፣ ጠርዙ ያለቀ የክትባት ካርድ፣ ከተለያየ ጤና ጣቢያ የተሰበሰበ የመድኃኒት ማዘዣ። ሐኪሙ ከመልሶቹ ብቻ የምርመራውን ግማሽ ጨርሷል። ለጨቅላ ሕፃን ከመጥባት የበለጠ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ የለም። ልቡ የደከመ ሕፃን ሲጠባ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ያልበዋል፣ ሳይጠግብ እንቅልፍ ይጥለዋል። ያገኛትን ጥቂት ምግብም ለመተንፈስ ይጨርሳታል፤ ክብደት የማይጨምረው ለዚህ ነው።

ከዚያ እጅ ይከተላል። ሐኪሙ ልብሱን አስወልቆ ደረቱ ሲወጣና ሲገባ ያያል፤ በደቂቃ ስንቴ እንደሚተነፍስ ይቆጥራል። መዳፉን አሙቆ ደረቱ ላይ ያሳርፋል፤ ደሙ በጠባብ ቦታ በኃይል ሲያልፍ የሚፈጥረው ንዝረት አንዳንዴ ከጆሮ ቀድሞ በእጅ ይታወቃል። በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ጉበቱን ይዳስሳል፤ ልብ ሲዝል ጉበት ያብጣል። ብሽሽቱ ላይ የደም ትርታ ይፈልጋል፤ የእጁ ትርታ ጠንካራ ሆኖ የብሽሽቱ ከጠፋ፣ ወደ ታችኛው አካል የሚወርደው ዋና የደም ቧንቧ መጥበቡን ይጠረጥራል። ከንፈሩን፣ ምላሱን፣ ጥፍሩን በመስኮቱ ብርሃን ያያል። ማዳመጫው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ኢኮ ይነሳል። ቀዝቃዛ ጄል ደረቱ ላይ ተቀብቶ የድምፅ ሞገድ የሚልከው መሣሪያ ሲያርፍበት ልቡ በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ አራት ክፍሎች፣ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቫልቮች፣ በመሃል ቀይና ሰማያዊ ቀለም ሲፈስ። እናቶች ሰማያዊውን ሲያዩ ይደነግጣሉ። ቀለሙ ግን ስለ ደሙ ንጽሕና አይናገርም፤ ወደ መሣሪያው የሚመጣውን ደም ቀይ፣ ከመሣሪያው የሚሸሸውን ሰማያዊ አድርጎ አቅጣጫ ብቻ ያሳያል። ሐኪሙ የሚፈልገው ቀለም ማለፍ በማይገባው ቦታ ሲያልፍ ማየት ነው። በግራና በቀኝ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ቀለሙ ሾልኮ ሲያልፍ ያያል። ስሙን ወላጆችም ተለማምደውታል፤ ቪኤስዲ። በአማርኛ የልብ ክፍተት ወይም ሽንቁር ይባላል።

ልብ በማኅፀን

የሰው ልብ የመጀመሪያ ትርታውን የሚመታው ፅንሱ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ብዙ ሴቶች እርጉዝ መሆናቸውን እንኳ በማያውቁበት ጊዜ። በስምንተኛው ሳምንት አራቱ ክፍሎች ተለይተዋል። መነሻው ቀጥ ያለ ቱቦ ነው፤ ይጠማዘዛል፣ ግድግዳ ያበቅላል፣ ለሁለት ይከፈላል። በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት አንዱ እርምጃ ከተዛነፈ ልጁ ጉድለቱን ይዞ ይወለዳል። በዓለም ላይ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ስምንት ያህሉ አንድ ዓይነት የልብ ጉድለት ይዘው ይመጣሉ፤ ሲወለዱ ከሚገኙ የአካል ጉድለቶች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። በኢትዮጵያ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ። በዚሁ ስሌት በየዓመቱ ቢያንስ 24 ሺህ አዲስ ሕመምተኛ አለ ማለት ነው። ከአራቱ አንዱ ገደማ በመጀመሪያው ዓመት ካልታከመ ሕይወቱ አደጋ ላይ የሚወድቅ ነው።

በማኅፀን ሳንባ ሥራ የለውም፤ ኦክስጅን የሚመጣው በእትብቱ በኩል ከእናት ነው። ስለዚህ የፅንስ ልብ ሳንባን የሚያልፍባቸው ሁለት አቋራጮች አሉት። አንዱ በላይኞቹ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ ነው፤ ሌላው ወደ ሳንባ የሚሄደውን ቧንቧ ከዋናው የደም ቧንቧ ጋር የሚያገናኝ «ዳክተስ» የተባለ አጭር ቱቦ ነው። ልጁ ተወልዶ ሲያለቅስ ሳንባው በአየር ይሞላል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይጨምራል፣ ቱቦውም ተኮማትሮ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይዘጋል።

እዚህ ላይ የእኛ ደጋ የራሱ ድርሻ አለው። ቱቦው እንዲዘጋ ምልክት የሚሰጠው ኦክስጅን ነው፤ ከፍታ ሲጨምር ደግሞ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ የሚገኘው የኦክስጅን ግፊት ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያም ከፍ ያሉ ብዙ ከተሞችና መንደሮች አሉን። በአንዲስ ተራሮችና በቲቤት አምባ የተደረጉ ጥናቶች ቱቦው ሳይዘጋ የሚቀርባቸው ልጆች በከፍታ ቦታዎች ከቆላው እንደሚበዙ አሳይተዋል። ሐኪሞች «ፒዲኤ» የሚሉት ይኸው ያልተዘጋ ቱቦ ነው።

ቀይ ሕፃን፣ ሰማያዊ ሕፃን

የልብ ጉድለት ዓይነቱ ብዙ ነው። ሐኪሙ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ መልኩ ቀላ ያለ ነው ወይስ ወደ ሰማያዊነት ያደላል?

በመጀመሪያው ወገን ቪኤስዲና ፒዲኤ፣ እንዲሁም በላይኞቹ ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት (ኤኤስዲ) ይገኛሉ። ንጹሕ ደም በክፍተቱ በኩል ወደ ቀኝ ይሾልክና ወደ ሳንባ ተመልሶ ይሄዳል። ልጁ መልኩ አይለወጥም፤ ሳንባው ግን በደም ይጥለቀለቃል። ቶሎ ቶሎ መተንፈሱና በየወሩ «ሳንባ ምች» መባሉ ከዚህ ይመጣል። እውነተኛ ሳንባ ምችም ይደጋግመዋል።

ብዙ ወላጅ የሚናደድበት አንድ ጉዳይ አለ። «ስትወለድ ሐኪም አይቷት ጤነኛ ናት ብሎን ነበር» ይላሉ። ሐኪሙ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሳንባ ቧንቧዎች ውስጥ ያለው ግፊት ገና ከፍተኛ ስለሆነ በክፍተቱ የሚሾልከው ደም ጥቂት ነው፤ ድምፅም አይሰማም። ግፊቱ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ ደሙ መጉረፍ ይጀምራል። ድምፁ የሚወጣው፣ ላቡና ድካሙ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ሕፃኑ በስድስተኛው ሳምንት ክትባት የሚወስድ መሆኑ መልካም አጋጣሚ ነው፤ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ደረቱን የሚያዳምጥ ሰው ካለ ብዙ ልጅ ያኔ ይገኛል።

ሁሉም ክፍተት ቀዶ ሕክምናን አይጠይቅም። ትንንሾቹ፣ በተለይ በጡንቻው ግድግዳ ላይ ያሉት፣ ልጁ ሲያድግ በራሳቸው የሚዘጉ ብዙ ናቸው። የልብ ሐኪም ሥራ አንዱ ክፍል ይኸው ነው፤ የትኛውን መጠበቅ፣ የትኛውን አለመጠበቅ እንደሚገባ መለየት።

ሁለተኛው ወገን ሰማያዊዎቹ ናቸው። ከእነዚህ የታወቀው ፈረንሳዊው ሐኪም ፋሎ እ.ኤ.አ. በ1888 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው «ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎ» ነው። አራት ነገሮች አብረው ይገኛሉ፤ በታችኞቹ ክፍሎች መካከል ክፍተት፣ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ መጥበብ፣ ዋናው የደም ቧንቧ ከክፍተቱ በላይ መቀመጥ፣ የቀኙ ክፍል ጡንቻ መወፈር። ደም ወደ ሳንባ መድረስ ስለሚያቅተው ሳይጣራ ወደ ሰውነት ይገፋል። የልጁ ጣቶች ጫፍ ይወፍራል፣ ጥፍሩ ይጎብጣል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል።

እነዚህ ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው የሚያደርጉት ነገር አለ። ከእኩዮቻቸው ጋር ትንሽ ሮጠው ቁጢጥ ይላሉ። አባት «ሰነፍ ነው» ይላል፤ አስተማሪም ይቆጣል። ልጁ ግን ራሱን እያከመ ነው። ቁጢጥ ሲል በእግሮቹ ያሉት የደም ቧንቧዎች ይጨመቃሉ፣ በሰውነቱ በኩል ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ደሙም ያን ጠባብ መንገድ ጥሶ ወደ ሳንባ ለመሄድ ይገደዳል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ሰማያዊ ልጅ ያላትን እናት ከመድኃኒት ቀድመው አንድ ነገር የሚያስተምሯት፤ ልጁ ድንገት ከጠቆረና ትንፋሹ ከተዋከበ ጉልበቶቹን አጥፋ ወደ ደረቱ እንድታስጠጋለት፣ እንድታረጋጋውና ሳትዘገይ ወደ ሐኪም እንድትወስደው።

በአዲስ አበባ የልብ ሕክምና ክፍሎች የማይታዩ ልጆችም አሉ። ሁለቱ ትልልቅ የደም ቧንቧዎች ቦታ ተለዋውጠው የሚወለዱ ሕፃናት ካልታከሙ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታሉ። በአደጉ አገሮች ዳክተሱ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካዊው ዊልያም ራሽኪንድ ባስተዋወቀው ዘዴ በትንሽ ባሉን የላይኛው ግድግዳ ይከፈትላቸዋል፤ ከዚያ ቧንቧዎቹ በቀዶ ሕክምና ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። በገጠር የተወለደው ግን ስም ሳይወጣለት፣ ምን እንደገደለው ሳይታወቅ ይቀበራል። በሕክምና ወረፋ ላይ የምናያቸው ልጆች በአብዛኛው ሕመማቸው ጊዜ የሰጣቸው ናቸው።

ትምህርቱ ከየት መጣ?

ልብ አይነካም በሚባልበት ዘመን በሩን የከፈቱት የሕፃናት ሕመሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1938 በቦስተን ሮበርት ግሮስ የተባለ ወጣት ቀዶ ሐኪም አለቃው ዕረፍት ላይ ሳሉ የአንዲት ልጅን ክፍት ዳክተስ በክር አሰረ። ልጅቷ ዳነች። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሆነው ነገር የሕፃናት የልብ ሕክምናን ራሱን የቻለ ሙያ አደረገው።

ሄለን ታውሲግ በወጣትነቷ የመስማት ችሎታዋን እያጣች የመጣች ሐኪም ነበረች። ማዳመጫው ሲያስቸግራት የሕፃናቱን ደረት በጣቶቿ መዳሰስ ተለማመደች። በሰማያዊዎቹ ሕፃናት ላይ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ዳክተሳቸው ክፍት የሆነላቸው ሻል ይላሉ፣ ሲዘጋ ይብስባቸዋል። እንግዲያው ሰው ሠራሽ ዳክተስ ቢሠራላቸውስ? ሐሳቡን ለቀዶ ሐኪሙ አልፍሬድ ብላሎክ አቀረበች። በቤተ ሙከራው ዘዴውን በውሾች ላይ ደጋግሞ የሠራው ቪቪየን ቶማስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ረዳት ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. አንዲት የ15 ወር ሕፃን ቀዶ ስትታከም ቶማስ ከብላሎክ ኋላ መቆሚያ ላይ ቆሞ ስፌቱን ይመራ ነበር። ለዚህ ሥራው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የደም ሥር ከእጅ ወደ ሳንባ የሚያዞረው ይህ ቀዶ ሕክምና ተሻሽሎ ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራል፤ ሙሉ ጥገናውን ለመቻል ገና ለሆኑ ሕፃናት የመቆያ መፍትሔ ነው።

አዲስ አበባ

በኢትዮጵያ የዚህ ሙያ ታሪክ ከሕፃናት የልብ ሐኪሙ ከዶክተር በላይ አበጋዝ ስም ተለይቶ አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን ሲመሠርቱ በአገር ውስጥ የሕፃን ልብ ከፍቶ የሚጠግን ቋሚ ማዕከል አልነበረም። የነበረው መንገድ ልጁን ውጭ መላክ ነበር፤ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ አስታማሚ፣ የሚቀበል ሆስፒታል። የሚላከው ጥቂት ነበር፤ የሚጠብቀው ብዙ።

ልጆች ይላኩባቸው ከነበሩ አገሮች አንዷ እስራኤል ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1995 የልብ ቀዶ ሐኪሙ አሚ ኮኸን በሆሎን ከተማ ዎልፍሰን ሕክምና ማዕከል «ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት» የተባለውን ድርጅት ሲጀምር ምክንያት የሆኑት ከኢትዮጵያ የመጡ ሁለት ሕፃናት ነበሩ። ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2001 ኪሊማንጃሮ ተራራ ላይ ሕይወቱ ቢያልፍም ሥራው ቀጥሎ ከ60 በላይ ለሚሆኑ አገሮች ልጆች ደርሷል፤ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችንም አሠልጥኗል።

በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከሉ ተከፈተ። ከሕዝብ፣ ከባለሀብቶችና ከውጭ በጎ አድራጊዎች በተገኘ ገንዘብ የቆመ ነው፤ ከአጋሮቹ አንዱ ትውልደ ግብፃዊው የልብ ቀዶ ሐኪም ሰር መግዲ ያቆብ በብሪታንያ የመሠረቱት «ቼይን ኦፍ ሆፕ» ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋናዎቹን ቀዶ ሕክምናዎች የሚሠሩት በተልእኮ የሚመጡ የውጭ ቡድኖች ነበሩ፤ እነሱ ሲሄዱ ክፍሉ ይቀዘቅዝ ነበር። ቀስ በቀስ ኢትዮጵያውያን የቀዶ፣ የሰመመንና የፅኑ ሕሙማን ባለሙያዎች ቦታውን ያዙ። ይህ ቀላል ድል አይደለም። ልብ ለመክፈት አንድ ጎበዝ ሐኪም አይበቃም፤ ልብ ቆሞ ሳለ ደሙን የሚያዘዋውረውን ማሽን የሚመራ ባለሙያ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋው የማትለይ ነርስ፣ በማቀዝቀዣ የተዘጋጀ ደም፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ክርና ማጣሪያ ያስፈልጋል። አንዱ ከጎደለ የተዘጋጀው ልጅ ጾሙን ውሎ ወደ ዋርዱ ይመለሳል።

በብሽሽት በኩል

ሁሉም ልብ ግን ደረት ተከፍቶ አይታከምም። የሕፃናት የልብ ሐኪም ከቀዶ ሐኪም የሚለይበት፣ በእጁ የሚጠግንበት ክፍል «ካት ላብ» ይባላል።

አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ በሰመመን ተኝታለች። ከሰውነቷ የሚታየው መዳፍ የማይሞላ የብሽሽት ቆዳ ብቻ ነው፤ የቀረው በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሐኪሙ ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ለብሷል፤ ክፍሉ ውስጥ ኤክስሬይ ስላለ። በቀጭን መርፌ የደም ሥሯን ይወጋል፣ በመርፌው ውስጥ ሽቦ ያስገባል፣ በሽቦው ላይ ካቴተር የሚባል ለስላሳ ቱቦ ይገፋል። ካቴተሩ እስከ ልቧ ሲሄድ አይሰማትም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። ቀለም ሲረጭ ዋናው የደም ቧንቧ ለአፍታ ጠቁሮ ይታያል፤ ከእሱ ወደ ሳንባ የሚሾልከው ቀጭን ጅረትም አብሮ። ፒዲኤው ያ ነው። ስፋቱን በሚሊሜትር ይለካል፣ የሳንባውን ግፊት ያነባል፣ ከመደርደሪያው ልኩን መዝጊያ ያዛል።

መዝጊያው ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅይጥ የተሠራ የሽቦ መረብ ነው። ተስቦ በካቴተሩ ውስጥ ክር ያህል ይቀጥናል፤ ከካቴተሩ ሲወጣ ግን ወደተሠራበት ቅርጽ ይመለሳል። ሐኪሙ አንዱን ጎን በዋናው ቧንቧ በኩል ይከፍታል፣ ቀስ ብሎ ይስባል፣ ሌላውን ጎን ፒዲኤው ውስጥ ይለቃል። ገና አልተላቀቀም፤ ቦታው ካልጣመው መልሶ መሰብሰብ ይችላል። እንደገና ቀለም ይረጫል። ጅረቱ የለም። ያኔ ማያያዣውን ዘውር ዘውር አድርጎ ይለቀዋል። ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ ሲጮኽ የኖረ ድምፅ ከደረቷ ይጠፋል። ከብሽሽቷ ላይ የሚቀረው ትንሽ ፕላስተር ነው፤ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ቤቷ ትገባለች።

ማን ይቅደም?

ከሁሉ የከበደው ሥራ መሣሪያ በሌለበት ክፍል ነው የሚሠራው። ሐኪሞቹና ቀዶ ሐኪሞቹ ጠረጴዛ ከበው የኢኮ ምስሎችን አንድ በአንድ እያዩ ስም ዝርዝር ያወጣሉ። ሕመምተኛው በሺዎች ይቆጠራል፤ የቀዶ ክፍሉና የፅኑ ሕሙማን አልጋው ደግሞ ጥቂት ነው። ቀዶ የሚያስፈልጋቸው በቁርጥማት ሳቢያ ቫልቮቻቸው የተበላሹ ልጆችም እዚያው ወረፋ ላይ ናቸው። ያ ሕመም ከልጁ ጋር የሚወለድ አይደለም፤ በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን የሚያመጣው ነው፣ በፔኒሲሊንም መከላከል ይቻላል።

ብዙ የጠበቀ ይቅደም? ይህ ለሰሚ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን የሁለት ዓመቱ ትልቅ ቪኤስዲ ያለበት ልጅ ከዓመት በኋላ ቢጠራ ምናልባት አይጠገንም፤ አሥር ዓመት የሞላት ትንሽ ኤኤስዲ ያላት ልጅ ግን ዓመት ብትጠብቅ ብዙ አይጎዳትም። ሐኪሙ ይህን ያውቃል፤ ሦስት ዓመት ሲመላለስ የኖረው የልጅቷ አባት አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ «ዶክተር፣ የእኛ ተራ መቼ ነው?» ሲለው መልሱ ከሕክምና ትምህርት ቤት የማይገኝ ነው።

«ዘግይቷል»

በክፍተቱ በኩል ወደ ሳንባ የሚጎርፈው ደም የሳንባውን ስስ ቧንቧዎች ያለማቋረጥ ይገርፋቸዋል። ለመስኖ የተቆፈረች ቦይ ላይ የክረምት ወንዝ ቢለቀቅባት ዳርቻዋ እንደሚፈርስና በደለል እንደምትዘጋ፣ ቧንቧዎቹም ይጎዳሉ፣ ይወፍራሉ፣ ይጠባሉ። ግፊቱ እየጨመረ ይሄድና አንድ ቀን የደሙ አቅጣጫ ይገለበጣል፤ ያልተጣራ ደም ከቀኝ ወደ ግራ ማለፍ ይጀምራል። ቀይ የነበረው ልጅ ሰማያዊ ይሆናል። ኦስትሪያዊው ቪክቶር አይዘንመንገር እ.ኤ.አ. በ1897 የገለጸው ሕመም ይህ ነው፤ ስሙንም ይዟል።

የሚያሳዝነው፣ ሊገለበጥ ሲቃረብ ልጁ የዳነ ይመስላል። ትንፋሹ ይረጋጋል፣ ሳንባ ምቹ ይተወዋል፣ ክብደት ይጨምራል። ወላጅ «ተመስገን፣ ጠበሉ ሠራለት» ብሎ ክትትሉን ያቋርጣል። ጠበሉን መውሰዱ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ጉዳቱ ቀጠሮውን መተዉ ነው። ደሙ ወደ ሳንባ መጉረፍ ያቆመው ሳንባው ስለተዘጋ ነው።

ከዓመታት በኋላ የ13 ዓመቷን ልጅ ይዞ የሚመጣው አባት በሬ ሽጦ ይሆናል የመጣው። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ደረጃ መውጣት አቅቷታል። «ቀዳዳውን ዝጉልኝ» ይላል። ሐኪሙ በካቴተር የሳንባዋን ግፊት ይለካል፤ ኦክስጅን ሰጥቶ ይወርድ እንደሆነ ይሞክራል። ካልወረደ ክፍተቱን መዝጋት ልቧ የሚተነፍስበትን ብቸኛ መውጫ መድፈን ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ይገድላታል። የሚቀረው ግፊቱን የሚያስታግስ መድኃኒትና ምክር ነው። ከምክሮቹ አንዱ እርግዝና ነው፤ ይህ ሕመም ያለባት ሴት ብታረግዝ የመሞት ዕድሏ እጅግ ከፍተኛ ነው። ይህን ለ13 ዓመት ልጅ አባት መንገር የሐኪሙ ግዴታ ነው።

ይህች ልጅ በሁለት ዓመቷ ብትገኝ ኖሮ ጥገናው ጥቂት ሰዓት የሚፈጅ፣ በአብዛኛው የሚሳካ ቀዶ ሕክምና ነበር።

የማን ጥፋት ነው?

ምርመራው ሲነገር ብዙ እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምን አድርጌ ነው?» ብላ ነው። አንዳንዴ ከአማቷ ወገን የተወረወረ ቃልም ይዛ ትመጣለች። እውነቱ ግን በአብዛኞቹ ልጆች ላይ የሚታወቅ ምክንያት አለመኖሩ ነው። የሚታወቁት ጥቂቶች ናቸው፤ በእርግዝና መጀመሪያ የሚይዝ ሩቤላ፣ ያልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመም፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ አልኮል። ዳውን ሲንድረም ይዘው ከሚወለዱ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ጉድለት ስላለባቸው ሁሉም ኢኮ ሊነሱ ይገባል። አንድ ልጅ ታሞ ተከታዩ የመታመም ዕድሉ ከሌላው ቤተሰብ ከፍ ቢልም ከመቶ ሁለት እስከ አራት ያህል ነው። በድንጋጤ፣ በከባድ ሥራ ወይም በእርግማን የሚመጣ አይደለም። እናትየዋን ከጥፋተኝነት ነፃ ማውጣት ለደግነት ብቻ አይደለም፤ ጥፋተኛ ነኝ ብላ የምታምን እናት ልጇን ከሰው ትደብቃለች፣ የተደበቀ ልጅ ደግሞ ይዘገያል።

ምን ይደረግ?

ብዙ ማዕከል፣ ብዙ ሐኪም፣ ብዙ አልጋ ያስፈልጋል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ነገ አሥር ማዕከል ቢከፈት እንኳ ልጁ አምስቴ ሳንባ ምች ተብሎ ከታከመ በኋላ ከመጣ ማዕከሉ የሚሠራለት ነገር ያነሰ ነው። የእነዚህ ልጆች ዕጣ የሚወሰነው ከልብ ሐኪሙ በር ብዙ ቀድሞ፣ ጤና ጣቢያው ላይ ነው።

እዚያ የሚያስፈልገው ውድ አይደለም። በጣት ላይ የሚቆነጠጠው ኦክስጅን መለኪያ ሕፃኑ ከተወለደ 24 ሰዓት ሲሞላው በቀኝ እጁና በአንድ እግሩ ላይ ቢደረግ በዓይን የማይለዩ ብዙ ሰማያዊ ሕመሞችን ያሳያል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 ለአራስ ሕፃናት ሁሉ ከተመከሩት ምርመራዎች አንዱ አድርጋዋለች። በእኛ ከፍታ ጤነኛ ሕፃንም ቁጥሩ ዝቅ ሊል ስለሚችል መለኪያው ለደጋው የሚስማማ ልክ ያስፈልገዋል። በስድስተኛው ሳምንት ክትባት ላይ ደግሞ ማዳመጫ ደረቱ ላይ ይረፍ።

ወላጆችም ሆናችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እነዚህን ያዙልን፦ ሲጠባ የሚያልበውና የሚያቋርጥ ሕፃን፤ ክብደቱ ቆሞ የቀረ፤ ሳንባ ምች የሚመላለስበት፤ ሲያለቅስ ከንፈሩና ምላሱ የሚጠቁር፤ ሮጦ ቁጢጥ የሚል። አንዱ ካለ «ልቡን አዳምጡልኝ፣ ኢኮ ላኩልኝ» በሉ። ቀጠሮ ከተሰጣችሁ ልጁ የተሻለው ቢመስልም እንኳ አትቅሩ። ደም የምትለግሱ፣ ለማዕከሉ የምታዋጡም ከወረፋው ላይ ስም ታነሳላችሁ። አብዛኛው የሕፃን የልብ ክፍተት የሚጠገን ነው፤ በጊዜው ከተገኘ።